ከጃንዋሪ የመጣው መዝገብ

ኪፕ ቢንገምን ሥራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ኦረም ከተማ ውስጥ ቲምፕሪጅ በሚባለው ኩባንያችን ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል። ከዚያ ዴንቨር ያለው ተፎካካሪያችን ግራንትሊ ደሞዙን እጥፍ አድርጎ ወሰደው። ሚስቱ ጃኔል ግን እኛው ጋ ቀረች፤ የደንበኞችን ስልክ የምታነሳው እሷ ናት። እሱን ከሄደበት ቀን ጀምሮ ዓይኑን ማየት አልፈለግኩም። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ቂም ከያዝኩ አልለቅም።

የምንሸጠው በኮምፒውተር የሚሠራ የሠራተኞች ማውጫ ነው። ሠራተኛው አንድ ጊዜ ይመዘገባል፤ በየሕንፃው ያሉት ሰርቨሮች መዝገቡን እየተቀባበሉ ማን ምን መክፈት እንደሚፈቀድለት ያውቃሉ። ድሮ ይህን የሚሸጥ ኩባንያ ብዙ ነበር፤ በ1999 ሴፕቴምበር ግን የቀረነው ጥቂቶች ነን። አለቃችን ጌይል በግልጽ ነግሮናል፦ የአይዳሆው ላርክስፐር ካውንቲ የሚባለው የአውራጃ አስተዳደር ከእኛ ካልገዛ የኦረም ቢሮ ይዘጋል። አርባ ሰው ሜዳ ላይ ሊወድቅ ነው።

ካውንቲው እኛንና ግራንትሊን አንድ አዳራሽ ውስጥ አስገብቶ ለሦስት ቀን አፋለመን። ለእያንዳንዳችን ሦስት ሰርቨር፣ አንድ ጠረጴዛ። ዳኛዋ የካውንቲው የኮምፒውተር ኃላፊ ወይዘሮ ኦሊታ ሆስ ናቸው። ሕጋቸው ቀላል ነው፤ በመሀል ሰርቨሩን አጽድቶ እንደ አዲስ መጫን የፈለገ ይችላል፣ ግን ቀይ ምልክት ይያዝበታል። እስከ ማክሰኞ ማታ ሁለታችንም ምንም አልተያዘብንም።

ማክሰኞ የሁለት ሺህ ፈተና ነበር። ዓመቱ ሲለወጥ ኮምፒውተር ሁሉ ይቃወሳል ተብሎ አገር ምድሩ ተጨንቆ ነበርና የሰርቨሮቹን ሰዓት ወደ ጃንዋሪ 2000 ወሰድነው። የኔ ማውጫ ንቅንቅ አላለም። ደስ ብሎኝ ሰዓቱን ወደ ቦታው መለስኩና እራቴን ልበላ ወጣሁ።

እንደ ሥራው ደንብ ግን ከእንዲህ ያለ ፈተና በኋላ ሰርቨሩን ማጽዳት ያስፈልጋል። ሰርቨር ሁለት የሚጋጩ ነገሮች ሲነገሩት የሚያምነው በኋላ የተጻፈውን ነው። ጃንዋሪ ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ደግሞ ጃንዋሪ እስኪደርስ ድረስ ማንም አይሽረውም። ይህንን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ስንቱን አስተምሬበታለሁ። በዚያ ሰዓት ማንም ምንም አልጻፈም ብዬ ነው ቀይ ምልክቱን የሸሸሁት።

ረቡዕ ጠዋት ኪፕ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። ሁለት ብርጭቆ ሶዳ ይዟል፤ አንዱን ዘረጋልኝ፣ አልተቀበልኩትም።

«ራኔይ፣ ፈተናው ሳይጀመር ሰርቨሮችሽን አጽጂ» አለኝ።

«ለምን ሲባል?»

«ትናንት አንቺ ስልክ ልታናግሪ ስትወጪ ወይዘሮ ሆስ ጠረጴዛሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። እንሞክረው ብለው የአንድ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ቀየሩ። ሰዓትሽ ጃንዋሪ ላይ ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«እና ቀይ ምልክቱን ልውሰድልህ?»

«ውሰጂው። በአንድ ምልክት አትሞቺም።»

ደሜ ፈላ። «አንተ ልጅ፣ ሞኝህን ፈልግ! እኔን ነው የምታታልለው? ይሄን ሥራ ፊደል ያስቆጠርኩህን?»

«ጃኔል እናንተ ጋ አይደለች እንዴ? ምን ብዬ እዋሽሻለሁ?»

«እኛን ጥለህ ስትሄድ ጃኔል ትዝ አላለችህም፤ ዛሬ ነው ትዝ ያለችህ? ወግድ ከፊቴ!»

ሶዳዎቹን እንደያዘ ወደ አዳራሹ ገባ። ወይዘሮ ሆስን ብጠይቃቸው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አልጠየቅኳቸውም። ለዚህስ ምን ዓይነት ሰበብ አለኝ?

«ዛሬ ሰው እናባርራለን» አሉ ወይዘሮ ሆስ መነጽራቸውን እያደረጉ። «ኦርቫል ቤክን። ሰውየው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ቅር አይለውም።» አንድ ሰርቨር ላይ ከልክለነው ሦስቱም ላይ መከልከሉን ማየት ፈልገው ነው። ኪፕ ቀድሞ ሠራ፤ ኦርቫል በሦስቱም ተዘጋበት። ቀጥሎ እኔ ዘጋሁበት። ወይዘሮ ሆስ ሦስተኛው ሰርቨር ጋ ሄደው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ጻፉ።

ኦርቫል ዘው ብሎ ገባ።

ወይዘሮ ሆስ እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ገባ። ትናንት የይለፍ ቃሉን የቀየሩለት ሠራተኛ እሱ ኖሯል፤ ጃንዋሪ ላይ የተጻፈው መዝገቡ የዛሬውን ክልከላዬን ሽሮታል።

«ወይዘሮ ሆስ፣ ይሄ የማውጫው ችግር አይደለም፤ ትናንት ሰዓቱ…» ብዬ ጀመርኩ።

«የኔ እህት፣ የወህኒ ቤታችን በር የሚከፈተው በዚህ መዝገብ ነው» አሉኝ በርጋታ። «ያባረርኩት ሰው ተመልሶ ከገባ የማንም ችግር ይሁን ምን ይረባኛል?» ወረቀታቸው ላይ ጻፉና አጣጠፉት። አለቀ።

ኪፕ አልሳቀም፤ አቀርቅሮ ገመዱን ይጠቀልላል። ምነው በሳቀብኝ አልኩ በልቤ፤ ቢያንስ የምሰድበው ሰው አገኝ ነበር።

ከመግቢያው አዳራሽ ስልክ ኦረም ደወልኩ። ጌይል ድምፁን ለሁሉም ከፈተው፤ ሥራ አቁመው ሲጠብቁኝ ነበር። ተንኮል ተሠራብን ብል አንድም ሰው አይጠራጠረኝም። አሮጊቷ ዕቃዬን ነካኩብኝ ብልም ያው ነው፤ ደግሞ ውሸት አይደለም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«ተሸንፈናል» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሰርቨሮቹን ሳላጸዳ ቀረሁ። ጠዋት ተነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁም።»

ጌይል «ማን ነው የነገረሽ?» አለ።

«ኪፕ።»

ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ አንድ ሰው ወደ ስልኩ ቀረበ። ጃኔል ናት።

«ራኔይ፣ ትናንት ማታ ደውሎልኝ ነበር» አለችኝ፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። «ነገ ብትነግራት አታምንህም፣ ብቻህን ትዋረዳለህ አልኩት። 'እሷማ ትሰማኛለች፣ የሷ ተማሪ አይደለሁ?' አለኝ።»