የላይኛው ስፖንጅ

ከአደሌድ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የሙከራ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ የወታደር ሄልሜት መጣል ነው። ውስጡ ስፖንጅ የተደረገበትን ሄልሜት ከብረት በተሠራ የሰው ጭንቅላት ላይ አጥልቄ፣ የአገጩን ማሰሪያ አጥብቄ፣ ወደ ላይ እሰቅለውና እለቀዋለሁ። ታች ወርዶ ሲላተም የብረቱ ጭንቅላት ውስጥ ያለው መለኪያ አንጎል ምን ያህል ሊመታ እንደሚችል ያሳየናል። ከዚያ መልሼ እሰቅላለሁ፤ መልሼ እለቃለሁ። ባልደረባዬ ራንጂት የብረቱን ጭንቅላት ክላይቭ ብሎታል። ጠዋት ሲገባ "ክላይቭ፣ ራስ ምታቱ ተሻለህ?" ሳይለው አያልፍም። ድሮ ያስቀኝ ነበር።

ባሌ ዳርሲ ወታደር ነበር። ታውንስቪል በምትባል ከተማ ከጓዶቹ ጋር ልምምድ ላይ ሳሉ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ጭንቅላቱን ተመታ። ደም አልፈሰሰውም፤ በማግስቱም ቁርሱን በልቶ ሲቀልድ ነበር አሉ። ሕመሙ ቀስ እያለ ነው የመጣው። አሁን ራስ ምታት አይለቀውም፤ ምድጃ ለኩሶ ይረሳል። የጎረቤት ሣር ማጨጃ ሞተር ሲነሳ ጆሮውን ይዞ መታጠቢያ ቤት ይደበቃል። በማይረባ ነገር ይጮህብኝና ኋላ ዓይኔን ማየት ያፍራል።

አንድ እሁድ ልብስ ሳሰጣ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ግሌኒስ፣ ያን ቀን የሄልሜቴን የላይኛውን ስፖንጅ አውጥቼው ነበር።"

"የቱን ቀን?"

"መኪናው የተገለበጠ ቀን ነዋ። ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ባላወጣው ኖሮ እንዲህ እሆን ነበር?"

ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ነግሮኝ አያውቅም። እርጥቡን አንሶላ ቅርጫቱ ውስጥ መለስኩት።

"እኔ እንጃ፣ ዳርሲ።"

"እንጃ አትበዪኝ። ስትጥዪ የምትውዪው አንቺ አይደለሽ? ጣዪውና ንገሪኝ። ደግሞ እንዳታባብዪኝ።"

አለቃችንን ዶክተር ሉን ፈቃድ ጠየቅኋት። "ካወቅሽው በኋላ እኮ እንዳላወቀ ሰው መሆን አይቻልም" አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። በእሱ ጊዜ ይደረግ የነበረው ዓይነት ሄልሜት መጋዘን ውስጥ ስለነበረ ሐሙስ ከሰዓት ከራንጂት ጋር አወረድነው።

መጀመሪያ ከነስፖንጁ ጣልነው። ቀጥሎ የላይኛውን አውጥተን ጣልነው። ኮምፒውተሩ ላይ የምቱን ኃይል የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ተመዘዘ። ራንጂት ያን ቀን ቀልድ አላወራም። ሌላ ሄልሜት አምጥተን ደገምነው፤ ያው ነው።

"ይሄ እኮ ብረት ነው" አለ ራንጂት። "መኪና ሲገለበጥ ሰው እንዲህ ቀጥ ብሎ አይወድቅም። ከዚህ ተነስተሽ ባልሽን ጥፋተኛ..."

"አውቃለሁ። ተወው በቃ።"

ቤት ደርሼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ለውጥ የለውም ብዬው ብገባስ? ማንም አያውቅብኝም። ግን መዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አልነበረኝም።

ዳርሲ ፓይ የሚባለውን በሊጥ የተጋገረ ሥጋ አሙቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ፊቴን አየው።

"በይ።"

"ልዩነት አለው። የአንተን አደጋ ልክ እንደሆነው አድርገን መድገም አንችልም። ስፖንጁ ቢኖር ግን ምቱ ይቀንስ ነበር፤ በብዙ።"

ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም። መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጣቶቹን ያይ ጀመር።

"ለምቾት የተደረገ ነበር የመሰለን" አለ። "ስፖንጅ ነው ብለን። ጓዴ ብሬንትም እኮ አውጥቶት ነበር፤ መኪናው ውስጥ ጎኔ ነው የተቀመጠው። እሱ ይኸው ሰው ሆኖ ይኖራል።"

"ዳርሲ..."

"ለውጥ የለውም ብትዪኝ አላምንሽም ነበር። ብዪ፣ ፓይሽ ሳይበርድ።"

በላን። ተነስቶ ሲሄድ አናቴን ሳም አደረገኝ፤ እንዲህ ካደረገ ቆይቷል። በማግስቱ ራስ ምታቱ ስለበረታበት መጋረጃውን ዘግቼለት ወጣሁ።

ሥራ ቦታ እንደገባሁ ወደ ዶክተር ሉ ቢሮ ሄድኩ።

"ወታደሮቹ ሲሞቃቸው ስፖንጁን ያወጡታል" አልኳት። "እኛ ግን የምንሞክረው ሙሉውን ብቻ ነው። ስፖንጁ ሳይኖረውም እንሞክረውና ምን እንደሚሆን እናሳያቸው።"

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። "ሥራችን እጥፍ ይሆናል እኮ፣ ግሌኒስ።"

"ይሆናል።"

"ሰውም አይጨምሩልንም።"

"አይጨምሩልንም።"

ተነፈሰች። "እሺ፣ ከሰኞ ጀምሩ" አለችኝ።