«ማክሰኞ አልመጣም»ን ማን ደረሰው?

ሸፊና ኢታና ጠብ አያውቁም፤ ክርክር ግን ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ስለ ኳስ ወይ ስለ ፖለቲካ ቢሆን እሺ፤ ስለ አንድ ዘፈን ነው! ቆርቆሮ ባንድ የሚባል የሰፈሩ የሮክ ባንድ በመጀመሪያ ካሴቱ ላይ «ማክሰኞ አልመጣም» የሚል ዘፈን ነበረው። ማን ደረሰው? የካሴቱ ሽፋን «ግጥምና ዜማ፦ ቆርቆሮ ባንድ» ብሎ ተገላግሏል። በዚች መስመር የተነሣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ስንት ሻይ እንዳቀዘቀዙ ቤት ይቁጠረው።

ሸፊ ዊንጌት አካባቢ ብርጭቆና ሰሃን ይሸጣል። እሱ እንደሚለው ዘፈኑ የድምፃዊው የጀላል ነው፤ ጭብጨባው መንዙማ መንዙማ ይላል፣ ያለ ጀላል ማን ያመጣዋል? ኢታና ደግሞ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፣ እሑድ እሑድ በቸርቻቸው ኳየር ይዘምራል። ጊታሪስቱ ለሜሳ ካልደረሰው ጆሮዬን ቁረጡኝ ባይ ነው። «አዝማቹ ላይ ድምፁ ሲከፋፈል አትሰማም? የኳየር ልጅ ሥራ እኮ ነው!»

«ቁረጡኝ በል፤ ድሮም አትሰማበት» ይለዋል ሸፊ። ጀላልም ለሜሳም በሕይወት ስለሌሉ የሚዳኛቸው አልነበረም።

ዘንድሮ ለኢታና ኮየ ፈጨ ኮንዶሚኒየም ደረሰው። እሑድ ዕቃውን ጭኖ ሊሄድ ነው። ሸፊ እንኳን ደስ ያለህ አለ፤ አንጀቱ ግን አረረ። ኮየ ፈጨ ማለት ከነሱ ሰፈር የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ሁለቱ ደግሞ ስለ ልጅ፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ ሕመም አውርተው አያውቁም፤ ያ ዘፈን ከሌለ ወሬ የላቸውም። ሸፊን ያስፈራው ይኸው ነው።

ይባስ ብሎ ኢታና የባንዱን ድራመር አገኘልህ። «ጋሽ ሾዴ አሉ እኮ! ቁስቋም ነው ቤታቸው። ሳልሄድ እንገላገለው።»

«መገላገል ምን ያጣድፋል?»

«ፈራህ!»

ሸፊ ፈራህ ተብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ታክሲ ይዘው ወጡ።

ጋሽ ሾዴ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። የድሮ አድናቂዎቻቸው መሆናቸውን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፣ ለስላሳም አስከፈቱ። ሸፊ የመጡበትን ጉዳይ ሲያነሣ የኢታና ስልክ ጮኸ፤ ዕቃ የሚጭንለት የአይሱዙ ሾፌር ነው። «አንዴ መጣሁ» ብሎ ወደ ደጅ ወጣ።

ሽማግሌው አልጠበቁትም። «'ማክሰኞ አልመጣም'ን? እንዴ፣ ጀላል ነዋ! እዚሁ በረንዳ ላይ፣ ባንድ ከሰዓት። ለሜሳ እኮ ያኔ ባንዱን አልተቀላቀለም፤ ካሴቱ ሲቀዳ ነው የመጣው።»

በቃ። ሃያ ዓመት የተመኘው መልስ ባንድ ትንፋሽ እጁ ገባ። ሸፊ መጀመሪያ «አላልኩም!» ብሎ ሊጮህ ቃጣው፤ ወዲያው ግን ሆዱ ባባ። ኢታና በግቢው በር በኩል ይታየዋል፤ ለሾፌሩ የአዲሱን ቤት አቅጣጫ እያስረዳ እጁን ያወናጭፋል።

«ጋሼ፣» አለ ሸፊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እባክዎ፣ ጓደኛዬ ሲመለስ አላስታውስም ይበሉልኝ።»

«ለምን? አንተ አይደለህ ያሸነፍከው?»

«ነገ ሰፈር ይለቃል። ይኼን ካወቀ በምን እንገናኛለን?»

ጋሽ ሾዴ ትክ ብለው አዩት። «ውሸት አልወድም» አሉ። ቀጠል አደረጉና፣ «ግን ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ብረሳ ማን ይፈርድብኛል?»

ኢታና ተመልሶ ጥያቄውን ራሱ አቀረበ። ሽማግሌው ግንባራቸውን አሹ፣ ሰማይ ሰማይ አዩ፣ «አይ ልጄ፣ ጠፋኝ» አሉ።

ወደ ታክሲው በእግራቸው ሲወርዱ ኢታና አንዴ ወደ በረንዳው ዞሮ አየ። ሸፊ የነቃበት መሰለው።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለ ኢታና በመጨረሻ። «ጠፋኝ ሲሉ ደስ አለኝ። ቢነግሩን ኖሮ፣ ኮየ ፈጨ ሆኜ በምን ሰበብ እንደምደውልልህ ጨንቆኝ ነበር።»

«ሰበብ ምን ያደርግልሃል? ዝም ብለህ ደውላ!»

«ደውዬስ? ምን ልበልህ?»

ሸፊ አሰበ፣ አሰበ። ለሱም ሌላ የሚባል ነገር አልመጣለትም። የጓደኛውን ትከሻ ያዘ።

«ለሜሳ ነው በለኛ» አለው።