መንደሩን ያረዳሁበት ጠዋት

ጓደኛዬ ሉክያን ከመሞቱ በፊት የጻፈው ሙዚቃ የሚያልቀው በትሬምቢታ ነው፤ እረኞቻችን ተራራ ላይ በሚነፉት፣ ከሰው ቁመት እጥፍ በሚሆን የእንጨት መለከት። ዜማውን ያገኘው ከእናቱ መስኮት ከሚታየው ሸንተረር ነው፤ ሸንተረሩ ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል።

"መጨረሻውን አንተ ትነፋዋለህ ኔስቶር" አለኝ ሆስፒታል ተኝቶ።

እሺ አልኩ። ትሬምቢታ የተማርኩት ብቻዬን፣ ቪዲዮ እያየሁ መሆኑን አልነገርኩትም። ያውቅ ነበር መሰለኝ።

የካቲት ላይ እዚያው ሊቪቭ ከተማ ቀበርነው። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስለነበር ሆስፒታል ሲያስታምሙት ከነበሩት ከእናቱ ከእማማ ፓላህና በቀር ከተራራው መንደራቸው ማንም አልደረሰም።

እኔ በምኖርበት አራተኛ ፎቅ ላይ ትሬምቢታ አይለማመዱም። በጋው ላይ፣ የሉክያን ሙዚቃ የሚቀርብበት ኮንሰርት አሥር ቀን ሲቀረው፣ እማማ ፓላህና ዘንድ ሄድኩና ከቤታቸው በላይ ካለው ግጦሽ ላይ ቆሜ ነፋሁ። ሦስት ጊዜ እንደ ታመመ ጥጃ ጮኸ። በአራተኛው ዜማው እየተጎተተ ወረደ። በራሴ ኮራሁ።

ቁልቁል ሳይ ሰው ከየቤቱ እየወጣ ነው። አድናቂዎቼ መስለውኝ ደገምኩላቸው።

ሴቶቹ ጥቁር ሻሽ አስረው፣ ሻማና ዳቦ ይዘው ወደ ጋሼ ታናሲ ቤት ይጣደፋሉ። በመንደሩ ትልቁ ሰው እሳቸው ናቸው፤ ክረምቱንም ታመው ነው የከረሙት። ጋሼ ታናሲ ግን ድርቆሽ ሲከምሩ ተገኙ። መንሻቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ወጡ፤ ሰውም ተከተላቸው።

"አንተ የከተማ ልጅ፣ ማን ሞተ ብሎህ ነው የምታረዳኝ?"

"ምን አጠፋሁ ጋሼ?"

"ያ የሚወርደው ዜማ የሞት ነው። እዚህ ሰው ሲሞት እንደዚያ ይነፋል። እንዳንተ ግን አያስነጥሱትም።"

"እኔማ ዳቦዬን ይዤ ሮጥኩ" አለች ጎረቤታቸው ቫሲሊና። "ይኸው ቆመው ይሳደባሉ።"

"አለመሞቴ ቅር አለሽ?"

"ዳቦው ትኩስ ነበር።"

እማማ ፓላህና መጨረሻ ደረሱ። "ታዲያ ለማን ነው የተነፋው?"

"ለሉክያን" አልኩ። "የጻፈው እሱ ነው።"

ያኔ በክረምቱ እዚህ ማንም እንዳልነፋለት ሁሉም ያውቃል።

"እንግዲያው በደንብ ይነፋለት" አሉ እማማ ፓላህና።

አነሳሁ። ጉንጬን ሞልቼ ነፋሁ፤ መሃል ላይ ተሰበረ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ቃል የገባሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ቃሉን አንተ ያዘው" አሉ ጋሼ ታናሲ፤ "መለከቱን ወዲህ በል።"

እሳቸው ሲነፉ የእማማ ፓላህና ጣት ሸንተረሩን ከሩቅ እየተከተለ ከዜማው ጋር እስከ ሸለቆው ድረስ ወረደ። እዚያ ሲደርስ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

ሊቪቭ መድረክ ላይ የነፉት ጋሼ ታናሲ ናቸው። እኔ የመለከቱን ጫፍ በትከሻዬ ደግፌ ቆምኩ፤ የመጨረሻው ድምፅ በአጥንቴ ውስጥ ረጅም መንገድ ሄደ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እኔም የነፋሁት እኔ ይመስል እያለቀስኩ እጅ ነሳሁ፤ ጋሼ ታናሲ በክርናቸው ጎሸም እስኪያደርጉኝ ድረስ።