በፔች የሰማኋት ኤቴልካ

ኤቴልካ ሾሞዲን የሰማኋት አንድ ቀን ብቻ ነው። ፔች ከተማ ወታደር ሳለሁ ዝናብ አባሮኝ የማዕድን ሠራተኞች አዳራሽ ገባሁ። መድረኩ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ የሹበርትን ሶናታ በፒያኖ ትጫወታለች። ቀስ ብሎ በሚሄደው የሶናታው ክፍል ዜማው ሊመለስ ሲል፣ ዝም አለች። የበር እጀታ ይዞ "ልግባ ወይስ ልመለስ?" እንደሚል ሰው። ከዚያ ገባች። ከጎኔ የነበሩት አዛውንት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከዚያ በኋላ ስሟን የሚያነሳ አልገጠመኝም። ሸክላም አላስቀረጸችም። ወደ ከተማዬ ሴጌድ ተመልሼ የጥርስ ሐኪም ሆንኩ፤ የእኛ የሀንጋሪዎቹም ሆኑ የውጭዎቹ ታላላቆች ያንን ሶናታ የተጫወቱበትን ሸክላ ሁሉ ሰበሰብኩ። ሁሉም ያምራል። ያቺ ዝምታ ግን የለችም።

"ሌላ ሴት እንዳለችህ አውቃለሁ" ትለኝ ነበር ባለቤቴ ማርጊት፤ "ደግነቱ መልኳን እንኳ አታስታውሰውም!"

ጡረታ በወጣሁ ዓመት፣ ኤቴልካ እዚያው ፔች ለልጆች ፒያኖ እንደሚያስተምሩ ሰማሁ። አንድ ጠርሙስ አረቄ ይዤ ሄድኩ። የከፈቱልኝ ደልደል ያሉ፣ ሳቂታ አሮጊት ነበሩ።

"እትዬ ኤቴልካ፣ ያኔ የተጫወቱትን ልሰማ ነው የመጣሁት።"

"ከሴጌድ ድረስ? አንተ ጤነኛ ነህ?" አሉና ፒያኖው ፊት ተቀመጡ።

ጣታቸው አልሰነፈም። ያቺ ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ሳይቆሙ አለፉ። ሲጨርሱ አቀርቅሬ ነበር።

"አልመጣችም አይደል?" አሉኝ።

"ማን?"

"የምትፈልጋት ልጅ። እኔንም ትናፍቀኛለች። ባሌን ተከትዬ ገጠር ወረድኩ፤ ፒያኖ በሌለበት ስንት ዓመት ኖርኩ። ስመለስ ጥላኝ ሄዳለች።" ወደ እኔ ዞሩ። "እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ነበር የምትጫወተው? እኔ እኮ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አልሰማኋትም።"

በቃል መንገር አቃተኝ። አንጎራጎርኩላቸው።

"ድምፅህ የፍየል ነው። ቀጥል!"

እዚያች ቦታ ስደርስ ዝም አልኩ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መቀጠል ፈራሁ።

"አትቸኩል" አሉኝ ቀስ ብለው።

ሲሸኙኝ በሩ ላይ ክንዴን ያዙ። "ካገኘሃት ሰላም በልልኝ።"

ከዚያ ወዲህ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። እንጠጣለን፣ ሰው እናማለን፣ እንስቃለን። ፒያኖውን ይክፈቱልኝ ብዬ ግን አላውቅም።