ጌታሁን የሰጠው ስም

ሁለቱ እንግዶች የግቢውን በር ሲያንኳኩ ወለተጻድቅ የተማሪ ዩኒፎርም ዚፕ እየቀየረች ነበር። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ በሚገባው ሰፈር፣ በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪናዋን አቁማ መስፋት ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ልብስ ሊያሰፋ የመጣውንና ለሌላ ጉዳይ የመጣውን ከአረማመዱ ትለያለች። እነዚህ ልብስ አልያዙም።

ሴትየዋ አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፅጌ እባላለሁ አለች። አብረዋት ያሉት ሽማግሌ ጋሽ ደበላ ከአስኮ ነው የመጡት፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከዘራ ይዘዋል።

«ከሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን ነን፣ ከፕሮቴስታንቶቹ» አለች ፅጌ። «ጎረቤትዎን ጌታሁንን መጋቢ አድርገን ልንሾመው አስበናል። ከመሾማችን በፊት ስለ ሰውየው እንጠይቃለን።»

ወለተጻድቅ መቀሷን አስቀመጠች። «እኔ እኮ ኦርቶዶክስ ነኝ።»

«እናውቃለን።»

«ታዲያ የራሳችሁን ሰዎች ጠይቁ እንጂ፣ እኔ ምን አገባኝ?»

«እነሱንም ጠይቀናል። ደንባችን ግን ከእኛ ውጭ ያለ ሰውም ይጠየቅ ይላል። እጩው በሚሞላው ቅጽ ላይ ‹ስለ አንተ ክፉ ሊናገር የሚችል ሰው ማን ነው?› የሚል ጥያቄ አለ። ጌታሁን የእርስዎን ስም ጻፈ።»

«በስመ አብ!» አለች ወለተጻድቅ፤ ሳታስበው አማተበች። ጌታሁን እሷ ምን እንደምትል ጠፍቶት ነው?

ነገሩ የሦስት ዓመት ነው። ጌታሁን ለሰርቪስ ቤት መሠረት ሲያስቆፍር የጋራ ግንባቸውን ከሥሩ ቦረቦረው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠና ግንቡ ተደርምሶ ጓዳዋ ውስጥ ገባ። እሷ ከልጇ ከማራኪ ጋር ገበያ ስለነበረች ተረፉ፤ ለዝናቡ ብላ ጓዳ ያስገባችው የስፌት መኪናዋ ግን ድንጋይ ሥር ቀረ። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ቅሬታ ሰሚዎች ፊት ሲቀርቡ ጌታሁን ቆሞ «ወደ ግንቡ አልቆፈርኩም፣ የጣለው ጎርፍ ነው» አለ። ምስክር አልነበራትም። ጓዳዋን በቆርቆሮ ደፍና፣ በሰው መኪና እየሰፋች ስንት ወር ገፋች። ከሁሉ ያንገበገባት ግን በየእሑዱ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ሊሰብክ ሲወጣ ማየቱ ነበር።

ይህን ሁሉ ነገረቻቸው። ካሰበችው በላይ ወጣላት። ሲያቋርጧት ወይም ‹እሱ እኮ ደግ ሰው ነው› ሲሏት አፋቸውን ልታስይዛቸው ተዘጋጅታ ነበር። አንድም ቃል አልተነፈሱም። ፅጌ ጻፈች፤ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ስትጨርስ ፅጌ የጻፈችውን ከመጀመሪያው አነበበችላት።

«ልክ ነው? የጨመርኩት ነገር አለ?»

ወለተጻድቅ ትንሽ አመነታች። የራሷ ቃል ተመልሶ ሲነበብላት ሌላ ነገር ሆነባት። «ሚስቱ ሰደበችኝ ያልኩትን ሰርዢው» አለች በመጨረሻ። «ተናድጄ ነው እንጂ ክፉ ቃል አልወጣትም።»

ፅጌ ሰረዘችው። ከዚያ ብዕሯን ይዛ ቀና አለች። «እትዬ፣ ምን ቢደረግልዎ ቂሙ ይወጣልዎታል?»

ይህን ጥያቄ በሦስት ዓመት ውስጥ የጠየቃት ሰው የለም። የወረዳው ሰዎችም፣ ያስታረቋት የመሰላቸው የዕድር ሽማግሌዎችም አልጠየቋትም።

«የዋሸው ሰው ፊት ነው» አለች። «እዚያው ቆሞ እውነቱን ይናገር።»

ተሰናብተዋት ሲሄዱ ‹እንዲህማ አያደርጉትም› ብላ ወደ ዚፑ ተመለሰች።

በወሩ ወረዳው እንደሚፈልጋት መልእክት ደረሳት። እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ጌታሁን ተቀምጧል። በአንድ በኩል ሚስቱ፣ በሌላው ጋሽ ደበላ ከዘራቸውን ተደግፈው። ተራው ሲደርስ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ መዝገቡን አገላብጦ ግራ ገባው።

«ይህ ጉዳይ እኮ ተዘግቷል። ይግባኝ ነው?»

«አይደለም» አለ ጌታሁን።

«አዲስ ክስ ነው?»

«እሱም አይደለም። ያኔ የሰጠሁት ቃል ውሸት ነበር። እሱን ላርም ነው የመጣሁት።»

 አዳራሹ ውስጥ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ጌታሁን እንዴት እንዳስቆፈረ፣ ቆፋሪው ‹ግንቡ ይወድቃል› ብሎ እንዳስጠነቀቀው፣ እሱም ‹ዝም ብለህ ቆፍር› እንዳለው አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ ወለተጻድቅ፣ እኔ ነኝ ያፈረስኩብዎ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም።»

ወለተጻድቅ ስንት ጊዜ በሐሳቧ ይህን ቀን አይታዋለች። በሐሳቧ ውስጥ ሁልጊዜ ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አንድ ትልቅ ሰው፣ ማንም ሳያስገድደው፣ በሰፈሩ ፊት ራሱን ሲያዋርድ ስታይ ፍርሃት የሚመስል ነገር ወረራት። ተነሥታ ወጣች።

ሹመቱ ለአንድ ዓመት እንደተራዘመ የሰማችው ከሚስቱ ነው። መድረክ ላይ ቆሞ መስበኩም ቀርቷል። ‹አባረሩት ማለት ነው› አለች ለማራኪ። አላባረሩትም። በዚያው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ድንጋይና ሲሚንቶ ይዘው መጡና ጌታሁን መሐላቸው ሆኖ፣ ቆርቆሮው የነበረበትን ግድግዳ አፍርሰው እንደገና ገነቡት። ፅጌም እጅጌዋን ሰብስባ አሸዋ ታቀብል ነበር።

ከዚያ በኋላ ረቡዕ ረቡዕ ጋሽ ደበላ መምጣት ጀመሩ። ከአስኮ በታክሲ ይመጣሉ፤ ማዞሪያው ላይ ወርደው ዳገቱን በከዘራ እያረፉ ይወጡታል። ከበረንዳዋ ላይ ሆና ታያቸዋለች። ከጌታሁን ጋር ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዳንዴ ያወራሉ፣ አንዳንዴ ይጸልያሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጌታሁን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሽማግሌው ዝም ብለው ያዩታል። ክረምት ገባ፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ሆነ። አላቋረጡም።

አንድ ረቡዕ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸውና በረንዳዋ ላይ ተጠለሉ። ወንበር አቀረበችላቸው። ከዚህ በላይ መታገስ አልቻለችም።

«ጋሼ፣ ለአንድ ለዋሸ ሰው ይህን ሁሉ ይደክማሉ? ሌላ የሚሾም ሰው ጠፍቶ ነው?»

ጋሽ ደበላ ከባርኔጣቸው ላይ ውሃውን አራገፉ። «ልጄ፣ በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግታ በየቤቱ ተደብቀን ነበር የምንጸልየው። እኔ ያኔ ወጣት ነበርኩ። ያዙኝ። ገረፉኝ። በሦስተኛው ቀን የስድስት ሰዎች ስም ሰጠሁ።»

ወለተጻድቅ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ስድስቱም ታሰሩ። ስፈታ ከሰው ፊት ጠፋሁ። ማንንም ላለማየት ቀን ቀን በር ዘግቼ እውላለሁ። አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ከስድስቱ አንዱ ነው፤ ከእስር ከወጣ ሳምንት አልሞላውም። ‹ልትገድለኝ መጣህ?› አልኩት። ‹አይ፣ ላይህ ነው የመጣሁት› አለኝ። ለአራት ዓመት በየሳምንቱ ሳያሰልስ መጣ። እግሩን በግርፋት ጎድተውት ስለነበር እያነከሰ ነው የሚመጣው። በመጨረሻ ስሾም እጁን የጫነብኝ እሱ ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወለተጻድቅ ሽማግሌውን ስታያቸው ቆዳቸው ሥር ሌላ ሰው ያለ መሰላት፤ ያ እያነከሰ የሚመጣው። ሲያባራ ተነሥተው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ወደ ጌታሁን ግቢ ገቡ። እሷ ግን እስኪመሽ አንድም ቀሚስ አልሰፋችም።

ዓመቱ ሲሞላ ፅጌ ያንኑ ደብተር ይዛ መጣች። ወለተጻድቅ ምን እንደምትላት አስባበት ነበር።

«አሁንም ሲናደድ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እሱን ጻፊ» አለች። «ባለፈው ግን ማራኪ ታማ በጀርባው አዝሎ ታክሲ ድረስ ወስዷታል። እሱንም ጻፊ። ይቅር ብዬዋለሁ። ለእሱም ነግሬዋለሁ።»

የሹመቱ ቀን እሑድ ዋለ። ወለተጻድቅ ቅዳሴ አስቀድሳ፣ ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ ከማራኪ ጋር ሄደች። ‹አልገባም፣ በር ላይ ሆኜ አያለሁ› ብላ ነበር፤ ፅጌ አይታት ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ጌታሁን ፊት ለፊት ብቻውን ቆሟል። መሪው ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ይህ ሰው እንዳይሾም የሚያደርግ ነገር የሚያውቅ ካለ አሁን ይናገር» አለ። ያን ሁሉ ሰው የያዘ አዳራሽ ጭጭ አለ። ወለተጻድቅ በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚጠበቀው የእሷ ቃል መሰላት። አፏን አልከፈተችም።

ከዚያ ወንበርና ሳፋ መጣ፤ ጌታሁን ተቀመጠ። ጋሽ ደበላ ሁለት ሰዎች በብብታቸው ደግፈዋቸው፣ በሚያማቸው ጉልበት፣ ቀስ በቀስ ጎንበስ አሉና ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ጌታሁን «አይሆንም ጋሼ፣ አይሆንም» እያለ እግሩን ሊሰበስብ ሞከረ። ያዙት፤ አጠቡት። ወለተጻድቅ ጸሎተ ሐሙስ ቀን ካህናት የምእመናን እግር ሲያጥቡ ልጅ ሆና ጀምራ አይታለች። እንዲህ ብዙ ታሪክ የተሸከመ እጅ ግን አይታ አታውቅም። ቀስ ብላ አማተበች፤ ማንም ዞሮ አላያትም።

እጆቻቸውን ጭነው ሲጸልዩ፣ ፅጌ ከዚህ በኋላ ጌታሁን በየወሩ ከማን ጋር እንደሚገናኝ፣ በየዓመቱም ማን ስለ እሱ እንደሚጠየቅ ስትናገር፣ ወለተጻድቅ ከፊሉን ብቻ ሰማች። ዓይኗ ሽማግሌው ላይ ነበር፤ ከወለሉ ለመነሣት የጌታሁንን ትከሻ ይዘው ነበር።

ወጥተው ወደ ማዞሪያው ሲወርዱ ማራኪ የእናቷን ክንድ ያዘች። የታክሲ ረዳቶች «አስኮ! አስኮ!» ይጮኻሉ። ወለተጻድቅ መንገድ ላይ ቆም አለች።

«እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ሰፈር ሲመላለስ፣ እኔ ማንነቱን ሳላይ ዚፕ ስቀይር ኖርኩ» አለች።

ማራኪ የቱን ሰው ማለቷ እንደሆነ አልገባትም። እናቷ ግን የአስኮውን ታክሲ እያየች ነበር።