የሙሉወርቅ ጎማ

ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን ስል አላፍርም፤ ማፈር ያለበት ፊደል ቆጥሮ ሰው መቁጠር ያቃተው ነው። የኛ ሰፈር ሰው ግን እኔ ስናገር ፈገግ ይላል። አማርኛ የሚቀናው "እሺ እማማ"፣ ኦሮምኛ የሚቀናው "ቶሌ፣ አዴ ድንቅቱ" ይለኛል። በዚሁ እሺታቸው ባሌን ሊገድሉብኝ ነበር።

ባሌ ሌንጂሳ አስም አለበት። አምቦ ደግሞ ኅዳር ሲገባ ጠዋት ጠዋት ነፋስ የላትም። ጭስ ከተነሣ ወደ ሰማይ አይሄድም፤ እንደ እንቅብ ይደፋብናል። ኅዳር ሚካኤል ሲደርስማ አይጣል ነው። በሽታ ይውጣ እየተባለ የዓመቱ ጥራጊ በየደጁ ይነዳል። ድሮ የሚነደው ገለባና ቅጠል ነበር። ዛሬ ፌስታሉ፣ የፕላስቲክ ጫማው፣ የመኪና ጎማው ሁሉ እሳት ውስጥ ይገባል። አምና በዚያ ቀን ሌንጂሳን ተሸክመን ነው ያወጣነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቢፍቱ እንዲህ አለችኝ፦

"አዴ ድንቅቱ፣ ጭሱ የተኛ ቀን በሩን ዘግተው ቤት ያስቀምጧቸው። የሚስቡት መድኃኒት ከአጠገባቸው አይራቅ። ከሁሉ የሚሻለው ግን እሳቱ ባይነድ ነው።"

ስለዚህ ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ዕድር ሲሰበሰብ ተነሣሁ። "ጥራጊውን እንቅበረው፤ ጉድጓዱን እኔ ጓሮ አስቆፍራለሁ" አልኩ። የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ኤጄታ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። "የአባቶች ልማድ ነው እኮ፤ እኔ አልስማማም" ሲል፣ ከጎኔ ሙሉወርቅ ብድግ አለች።

ሙሉወርቅ አጥሯ ካጥሬ የተያያዘ ጎረቤቴ ናት። የሚካኤልን ማኅበር አብረን ነው የምንጠጣው። ልጆቼ ሲወለዱ ወገቤን የደገፈችው እሷ ናት፤ ይህን አሳቤንም ከስብሰባው በፊት የነገርኩት ለእሷ ነበር።

"ድንቅቱ እውነቷን ነው!" አለች። "ሚካኤልን! ከኔ ደጅ ክብሪት አይጫርም!"

ቤቱ በሙሉ እሺ አለ። ቶሌ አለ። ኦቦ ኤጄታም የቤቱን ድምፅ አይቶ አንገቱን በእሺታ ነቀነቀ። እኔ ሞኟ ደስታዬ አላስተኛኝ አለ። ልጄን ጋዲሳን ጉድጓዱን አስቆፈርኩት። እስከ በዓሉ ዋዜማ አንድ ፌስታል እንኳ ይዞ የመጣ የለም። "ሰው በዓል ይዞት ነው፤ ነገ ያመጣሉ" አልኩ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሌንጂሳን ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ፣ በሩን ከፍቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ለምን እዘጋለሁ? በሚካኤል ምላልኛለች።

ስመለስ ሰፈሩ የለም፤ ጭስ ውጦታል። በየደጁ ይነዳል። ያ ጥቁሩ፣ ጉሮሮ የሚቆርጠው ግን ከአንድ ቦታ ነው የሚወጣው። ሙሉወርቅ ጓሮ የልጇ አይሱዙ አሮጌ ጎማዎች ተደራርበው ይንቦገቦጋሉ። ሌንጂሳ ከወንበሩ ወድቋል። ከንፈሩ ጠቁሯል። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ ነው።

ከማዶ ያለችው ኡርጌ ባጃጅ አስቁማ አብራኝ ተሸከመችው። መንገድ ላይ ማልቀስ ጀመረች።

"አዴ ድንቅቱ፣ አይቀየሙኝ። ሙሉወርቅ ናት ከዕድሩ ስብሰባ በፊት በየቤታችን ዞራ፣ 'ዝም ብላችሁ እሺ በሏት፣ አሮጊት ናት፤ በቀኑ እንደ ወትሯችን እናጥናለን' ያለችን።"

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉለት። ከሰዓት በኋላ ትንፋሹ መለስ ሲል ሙሉወርቅ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ገባች። ነጠላዋ ጎማ ጎማ ይሸታል።

"እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ።"

"እግዜርን ተዪው። በሚካኤልም በውሸት ምለሻል።"

"ፈርቼ ነው እኮ!" አለች እንባዋ እየወረደ። "ታላቅ እህቴን ተስቦ ሲወስዳት፣ እናቴ ያን ዓመት ስላላጠነች ነው ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግኩት። ሳይታጠን ቀርቶ የልጅ ልጆቼን ቢይዝብኝስ? አንቺንም ላለማስቀየም..."

"ፈራሁ ብትይኝ ምን ነበረበት? ኦቦ ኤጄታ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልስማማም ብሎኝ ነበር። እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሬን ዘግቼ ከባሌ አጠገብ እቀመጥ ነበር። እምቢ የሚል ሰው በር ያስዘጋል። አንቺ ግን እሺ ብለሽ በሬን አስከፈትሽኝ።"

ፔርሙሱን አስቀምጣ ከአልጋው ግርጌ ተቀመጠች።

"ጎማው ጠፍቷል?" አልኳት።

"ነበልባሉ ጠፍቷል። ውስጥ ውስጡን ብቻ ይጨሳል።"

"እንግዲያው ተነሺ። አጥሚትሽንም ይዘሽ ተነሺ። ነገ ይህን ሰው ይዤ የምገባው እዚያው ቤት ነው፤ ሌላ ቤት የለኝም። ጎማውን አፈር አልብሺው፤ በልጅሽ አይደለም፣ በራስሽ እጅ። ከዚያ 'እሺ በሏት' እያልሽ በዞርሽበት እግር በየቤቱ ዞረሽ የሌላውንም አስጠፊ። የተረፈውን ጓሮዬ ቅበሪ፤ ጉድጓዴ ባዶ መሆኑን ታውቂያለሽ። ደግሞ እሺ እንዳትይኝ። ሄደሽ አጥፊው!"