ጥጥ የማይዝ አገጭ

አጎቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ዝም ብሎ ቆርጦ የሚሸኝ ግን እንዳይመስላችሁ። ጺም መላጨት ላይ ሲደርስ ሰውየው ይለወጣል። ምላጩን ሲያነሳ እሱ ትንፋሹን ይይዛል፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ይይዛል፣ እኔም መጥረጊያዬን እንዳቀፍኩ እይዛለሁ። አንድ ቀን ሦስታችንም አንድ ላይ ታፍነን እንቀራለን እያልኩ እፈራለሁ።

የአጎቴ ትልቁ ኩራት ጥጥ ነው። አንዱን ላጭቶ ሲጨርስ ከመስታወቱ ሥር ካለው ጠርሙስ ቁራጭ ጥጥ ያወጣና አገጩን ከታች ወደ ላይ ይዳብሰዋል። ከጥጡ አንዲት ክር እንኳ አገጩ ላይ ከቀረች፣ «ገና ነህ!» ይላል። እንደገና አረፋ ይቀባል፣ ቆዳውን በሁለት ጣቱ ይወጥርና ምላጩን ከጺሙ አበቃቀል ተቃራኒ ወደ ላይ ይሰደዋል። ከዚያ እንደገና ጥጥ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ያመላለሰው ሰው አለ። በራችን ላይ በቀይ ቀለም «ጥጥ የማይዝ አገጭ» የሚል ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጠውም ጽሕፈቴን ማንም አይችለውም።

እኔን አጎቴ «ቁንዶ» ይለኛል፣ እንደ ቁንዶ በርበሬ። ትንሽ ነሽ ግን ታቃጥያለሽ ለማለት ነው። ሥራዬ መጥረግ፣ ፎጣ ማጠብ፣ ውሃ ማሞቅና የወደቀ ፀጉር መልቀም ነው። ማሽን መንካት ክልክል፣ ምላጭ መንካት በጣም ክልክል። «መቼ ነው የምታስተምረኝ?» ስለው፣ አንገቱ ላይ ዘወትር የሚጠመጥማትን ነጭ ፎጣ እያስተካከለ፣ «ምላስሽ ሲያጥር» ይለኛል። እንግዲህ ምላስ እንደ ፀጉር አይቆረጥ፣ ምን ላድርግ?

ከእኛ ግድግዳ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው አለ። የሠፈሩ ወንድ ሁሉ ኮሌታ የሚያልፈው በሱ እጅ ነው። የገዛ ኮሌታውን ግን መቆለፍ ካቃተው ቆይቷል። አንገቱ ከጉሮሮው እስከ ጆሮው ሥር በትናንሽ እብጠት ተሞልቷል፤ አንዳንዱ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ ቀልቷል፣ አንዳንዱ ነጭ ጫፍ አውጥቷል። በየሦስት ቀኑ እየመጣ ይላጫል፤ በተላጨ ቁጥር ይብስበታል።

አንድ ማለዳ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ፊቱ ዝናብ ያዘለ ሰማይ መስሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ቀለል አድርገው ይላጩኝ። አንገቴ እሳት ሆኗል» አለው አጎቴን።

«እሳት የሆነው ጠልቄ ስላልላጨሁህ ነው» አለ አጎቴ። «ከሥሩ ካልያዝኩት መቼ ይለቅሃል!» ብሎ ወረንጦውን አነሳና አንዱን እብጠት ይቆፍር ጀመር። ሰፊው እግሩን አነሳ፣ ጣለ፣ አነሳ። የስፌት መኪና የሚረግጥ ነው የመሰለው።

«ሰርጌ አራት ሳምንት ነው የቀረው» አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ትናንት የእጮኛዬ እናት መነጽራቸውን አድርገው አንገቴን ሲያዩ ቆዩና ‹ልጄ፣ ይሄ ነገር ይተላለፋል እንዴ?› አሉኝ። እኔ እንጃ አልኳቸው። ‹እንግዲያው እስኪጠፋ ሰርጉ ይቆይ። ልጄን በሽታ ላይ አልድርም› አሉ። ቀኑ እስኪደርስ ካልጠፋ አለቀልኝ ጋሼ።»

«በሰርግህ ዕለት እንቁላል አስመስዬ ነው የማወጣህ» አለ አጎቴ። ጥጡንም አነሳ።

እኔ ግን ዝም አልኩ። እኔ ዝም ካልኩ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ነገሩ ያለው ቀሚሴ ሥር፣ ቅልጥሜ ላይ ነበር።

እንዲህ ነው። አጎቴ ሰው አላስነካ ሲለኝ፣ በራሴ እግር ልለማመድ ብዬ አንድ አዲስ ምላጭ ከመሳቢያው «ተበደርኩ»። ቤት ሄጄ ቀኝ ቅልጥሜን ልክ እንደሱ ላጨሁ፤ ቆዳ ወጥሬ፣ ወደ ላይ፣ ሦስት ጊዜ። ጥጥ ዳበስኩበት፤ አንዲት ክር አልቀረችም! በደስታ ዘለልኩ። በአምስተኛው ቀን ግን መዝለሉ ቀርቶ ማከክ ሆነ። ቅልጥሜ የልብስ ሰፊውን አንገት ቁጭ! ልዩነቱ እግሬን አማት የሚሆን ሰው አለማየቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይተላለፋል ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ፎጣውን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ከፎጣው ይዞኝ ይሆናል። ሰፊው በመጣበት በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ክሊኒክ በረርኩ። ሲስተሯ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። እግሬን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩና ሳቁ።

«በምን ላጨሽው?»

«በምላጭ። እስከ መጨረሻው ነው የላጨሁት። ጥጥ አይዝም።»

«ጥፋቱ እሱ ነዋ! ፀጉርሽ ጥቅልል ነው። በጣም ከሥሩ ስትላጪው ጫፉ ሾሎ ከቆዳ በታች ይቀራል። ሲያድግ መውጫው ይጠፋበትና ተጠምዝዞ ተመልሶ ወደ ሥጋሽ ይገባል። ሰውነትሽ እሾህ የወጋው መስሎት ይቆጣል፣ ያብጣል።»

«የገዛ ፀጉሬ ቤቱ ጠፍቶበት?»

«አዎ፣ ቤቱ ጠፍቶበት። አይተላለፍም፣ አትፍሪ። አሁን ምላጭ አታስነኪው። ጠዋትና ማታ በሞቀ ፎጣ ዐሥር ደቂቃ ያዢበት፣ በለስላሳ ጨርቅ በቀስታ እያዞርሽ እጠቢው። አትቆፍሪ፣ አትንቀይ፣ አታፍርጪ። መግል ከያዘ፣ ካተኮሰሽ ወይም እያበጠ ከሄደ ወደኔ ነይ።»

«የወንድ አንገትስ ሲስተር?»

«አንገትም እግርም ያው ቆዳ ነው» አሉ። «አንገት እንዲያውም ይብሳል፣ ኮሌታ ይፈትገዋል። ሦስት አራት ሳምንት ካረፈ ግን ይመለሳል።»

አራት ሳምንት! ቆጠርኩ። ልክ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ማባከን አይቻልም። ችግሩ አጎቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጥጥ የኖረን ሰው «ጥፋቱ ያንተ ነው» ማለት በሬን በጭራው እንደመጎተት ነው። ግን ሰፊው ከነገ ወዲያ ተመልሶ ሊላጭ ነው። ስለዚህ ሲመጣ፣ አጎቴ አረፋውን ሲመታ፣ መሀላቸው ገብቼ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩና እግሬን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ጫንኩ።

«ምን ሆነሻል አንቺ ቀበጥ! አውርጂ!»

«አላወርድም። እይ አጎቴ። እንዳንተ አድርጌ ላጨሁት። ወጥሬ፣ ወደ ላይ፣ በጥጥ። ይኸው የሰፊውን አንገት አበቀልኩ።»

ሰፊው አንገቱን አስግጎ እግሬን አየ። ወደ መስታወቱ ዞሮ አንገቱን አየ። እንደገና እግሬን። «የኔ ነው!» አለ፣ የጠፋበትን ዕቃ ያገኘ ይመስል።

የሲስተሯን ቃል አንድ ሳላስቀር አወራሁ። አጎቴ ጆሮው ቀላ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም!» አለ። «እኔ ይሄን ሥራ ስጀምር እናትሽ እንኳ አላገባችም። ደግሞ ምላጭ ሰርቀሽ!»

«ስለ ምላጩ ቅጣኝ፣ እቀበላለሁ። አንገቱን ግን ተወው።»

«ጋሼ» አለ ሰፊው ቀስ ብሎ፣ ከወንበሩ እየተነሳ። «ኩራቱ የእርስዎ ነው፤ አንገቱ ግን የኔ ነው። አራት ሳምንት ልሞክረው።»

አጎቴ ብሩሹን አስቀመጠ። አንገቱ ላይ ያለችውን ፎጣ ጠበቅ አደረጋትና ወደኔ ዞረ። «በሰርጉ ዕለት አንገቱ ካልጠራ፣ አንቺ እዚህ ቤት ደጃፍ ድርሽ አትዪም። መጥረጊያም የለሽም።»

«ከጠራስ?»

«አይጠራም።»

«ከጠራ ማሽኑን እይዛለሁ!»

«ያዢው!» አለ በንዴት። ሰፊው ምስክር ሆነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፊው ጠዋት ሥራ ሳይጀምር አንዴ፣ አመሻሽ ላይ ሱቁን ሲዘጋ አንዴ ይመጣል። ጥግ ላይ ያለችው፣ እግሯ የምትንሸራተት አሮጌ ወንበር ላይ አስቀምጬው ንጹሕ ፎጣ በሞቀ ውሃ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ አንገቱ ላይ አደርግለታለሁ። አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶን ሌላ ሰው ይቆርጣል። በመስታወቱ ግን እንደሚያየን አውቃለሁ፤ መስታወት እኮ ሁለት ፊት ነው። አንዱ እብጠት መግል ሲይዝበት ራሴ ጎትቼ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሲስተሯ ቅባት ሰጡት፤ ቀለበት ሠርቶ የታየውን አንድ ፀጉር በንጹሕ መርፌ ጫፉን ብቻ ቀና አደረጉለት እንጂ አልነቀሉትም።

ጺሙ አደገ። የእጮኛው እናት በመንገድ አይተውት አላወቁትም አሉ። ሽፍታ መስሏቸው ቦርሳቸውን አቅፈው ተሻገሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ ምን አገኘሁ? በሩ ተጠግቷል። ሰፊው ትልቁ ወንበር ላይ፣ አረፋ እስከ ጆሮው። አጎቴ መሳቢያ ይከፍታል፣ መሳቢያ ይዘጋል። ሁለቱም ሲያዩኝ ስኳር ሲሰርቁ እንደተያዙ ልጆች ሆኑ።

«አሳከከኝ» አለ ሰፊው።

«ከጎን ከጎኑ ብቻ ነው» አለ አጎቴ። «ጥጡ የት ሄደ?»

ጥጡ ኪሴ ውስጥ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ ስለማውቅ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ስወጣ ጠርሙሱን ባዶ አድርጌው ነው የምወጣው። ምላጭ ብደብቅ ሌላ ይገዛል። ያለ ጥጥ ግን አጎቴ አይጀምርም። እጁ እምቢ ይለዋል።

«ያለ ጥጥ መጨረሴን በምን አውቃለሁ?» አለኝ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

«አታውቅማ! ስለዚህ አትጀምር።» የሰፊውን አረፋ በፎጣ ጠረግኩለት። «አንተም ሙሽራው፣ ዐሥራ አንድ ቀን መታገሥ ካቃተህ ትዳሩን እንዴት ልትችለው ነው?»

ሰፊው ሳቀ። አጎቴም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ከአፉ ዳር ትንሽ አመለጠው።

የሰርጉ ጠዋት ሰፊው የገዛ እጁ የሰፋውን ነጭ ሸሚዝ በክንዱ ይዞ መጣ። አጎቴ ጨርቁን አለበሰው፣ ምላጩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ማሽኑን አነሳና ማበጠሪያውን ገጠመበት። ቆዳውን ሳይወጥር፣ ጺሙ ወደሚተኛበት ወደ ታች፣ ቀስ እያለ ሄደ። ጺሙ እየረገፈ አንገቱ ብቅ አለ። እዚህም እዚያም የደበዘዙ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ቀርተዋል። እብጠት ግን የለም። አንድም! በጣቴ ነካሁት፤ ለስላሳ ነው፣ ከላዩ ትንሽ ሻካራ ጥላ ብቻ ቀርቶበት።

የአጎቴ እጅ ወደ ጠርሙሱ ሄደ። ለዛሬ ሞልቼው ነበር። ጥጡን አወጣ፣ አገጩን ከታች ወደ ላይ ዳበሰ። ጥጡ ያዘ። ግማሹ አገጩ ላይ ቀረ፣ ሰፊው በአንድ ጊዜ ሸበተ።

ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሆኖ ከዚያ ወንበር የተነሳ ሰው የለም። አጎቴ ምላጩን በዓይኑ ፈለገ። አገኘው። እጁን ግን አልዘረጋም።

«ተነስ» አለው። «ጨርሰሃል።»

ሰፊው ሸሚዙን ለበሰና መስታወቱ ፊት ቆሞ የላይኛዋን ቁልፍ ቆለፈ። አንገቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አዞረ። ፊቱ አልተኮማተረም። ይሄኔ የእጮኛው እናት በር ላይ ብቅ አሉ፤ ሊመረምሩ እንደሚመጡ አውቀን ነበር። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ኮሌታውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩ።

«በሽታው የታለ?»

«ፀጉሬ ነበር እማማ» አለ ሰፊው። «አሁን ወጣ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትጎለታለህ? ሰው እየጠበቀህ!» ብለው አገጩ ላይ የቀረውን ጥጥ ለቀሙለትና በክንዱ እየጎተቱ ወሰዱት።

ቤቱ ውስጥ አጎቴና እኔ ብቻ ቀረን። መጥረጊያዬን አነሳሁ። ቃሉን ይብላ አይብላ አላወቅሁም፤ ለመጠየቅም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። አጎቴ በሩን ገርበብ አደረገና ያቺ የምትንሸራተት ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያ ነጭ ፎጣውን ከአንገቱ ፈታ።

አፌ ተከፍቶ ቀረ። ከጉሮሮው እስከ ጆሮው ሥር እብጠት፣ ያረጀ ጠባሳ፣ ትናንት የተቆፈረ ቁስል። ፎጣዋን የሙያ ጌጥ ትመስለኝ ነበር እኮ!

«ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው?»

«ጥጡን ከያዝኩ ጀምሮ» አለ መስታወቱን ሳያይ። «ያስተማረኝ ሰውዬም ፎጣ ያስር ነበር። የሙያው ግብር ነው ብዬ ነበር።»

አልሳቅሁም። ትንሽ ብቻ። ውሃ አሙቄ ፎጣ ነከርኩ፣ ጨመቅሁ፣ አንገቱ ላይ አደረግሁለት። ዐሥር ደቂቃው ሲያልቅ ማሽኑን በራሱ እጅ አቀበለኝ። ከባድ ነው፣ ሞቃት ነው፣ መዳፍ ውስጥ እንደ ንብ ይጮሃል።

«አንገቴን አትንኪው፣ ይረፍ» አለኝ። «ጉንጬን ብቻ። ወደ ታች። ቀስ።»

«አውቃለሁ።»

ማሽኑን ጉንጩ ላይ ሳሳርፍ በመስታወቱ አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደረቱን ነፍቶ ትንፋሹን ይዟል።

«አጎቴ» አልኩት፣ «ተንፍስ።»